የሚንግ ሥርወ መንግሥት አነሣስና አወዳደቅ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሁለት መለኪያዎች ደጋግመው ይመጣሉ። «ሊያንግ» የብር ሚዛን ነው፣ 37 ግራም ገደማ ይመዝናል። «ዳን» የእህል መስፈሪያ ነው፣ 100 ሊትር ያህል ይይዛል። በአማርኛ ማዕድኑም ገንዘቡም «ብር» ስለሚባል፣ እዚህ ላይ ብር ስንል ሁልጊዜ ማዕድኑን ነው።

ሚንግ የሚባለው የትኛው ዘመን ነው?

ከ1368 እስከ 1644 ያለው ነው፤ 276 ዓመት፣ 16 ነገሥታት፣ ሁሉም ከዡ ቤት። ከፊቱ ሞንጎሎች የመሠረቱት ዩዋን አለ፣ ከኋላው የሰሜን ምሥራቅ ጎረቤቶቹ ማንቹዎች ያመጡት ቺንግ። በእኛ ታሪክ ሲለካ፣ ሚንግ ሲመሠረት አፄ ሰይፈ አርዕድ ዙፋን ላይ ነበሩ፤ ሲወድቅ ደግሞ አፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ከቆረቆሩ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ስሞቹ ብዙ አንባቢ ያደናግራሉ። ሆንግዉ፣ ዮንግለ፣ ዋንሊ፣ ቾንግዠን የምንላቸው የዘመነ መንግሥታቸው ስያሜ እንጂ የተፀውዖ ስማቸው አይደለም። የመሥራቹ ስም ዡ ዩዋንዣንግ ነው፤ ዘመኑ ግን ሆንግዉ ይባላል። የቤተሰብ ስም የሚቀድም በመሆኑ «ዡ» የሁሉም የጋራ ስማቸው ነው።

መሥራቹ ለማኝ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ዡ ዩዋንዣንግ በ1328 በዛሬው አንሁይ ክፍለ ሀገር፣ ፌንግያንግ አካባቢ ከድሃ ጭሰኛ ቤት ተወለደ። በ1344 ድርቅ፣ አንበጣና ወረርሽኝ ተከታትለው መጡና አባቱን፣ እናቱንና ታላቅ ወንድሙን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቀበረ። የመቀበሪያዋ ቁራሽ መሬት እንኳ የጎረቤት ችሮታ ነበረች። ከዚያ የቡድሃ ገዳም ገባ። ገዳሙም የሚያበላው አልነበረውምና ብዙም ሳይቆይ የልመና ሳህን አስይዞ አሰናበተው። የእኛ የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን ይዞ እንደሚዞረው ሦስት ዓመት ያህል መንደር ለመንደር ዞረ።

በ1351 የዩዋን መንግሥት ቢጫ ወንዝን ወደ ቀድሞ መስመሩ ለመመለስ 150 ሺህ ያህል ገበሬ አስገድዶ አስቆፈረ። የተራበ ሕዝብ አካፋ አስይዞ አንድ ቦታ መሰብሰብ የዓመፅ ዝግጅት ነው። ቀይ ጥምጣም ያሰሩት ዓመፀኞች የተነሡት በዚያን ጊዜ ሲሆን ዡ በ1352 ተቀላቀላቸው።

ተፎካካሪዎቹ ብዙ ሆነው ሳለ እሱ ለምን አሸነፈ?

ስላልቸኮለ። ሌሎቹ አንድ ከተማ በያዙ ቁጥር «ነገሥሁ» እያሉ የሁሉንም ዐይን ወደ ራሳቸው ሲስቡ፣ እሱ በ1356 ናንጂንግን ይዞ ዡ ሼንግ የተባለው አማካሪው የሰጠውን ሦስት ምክር ተከተለ፦ ግንብህን ከፍ አድርግ፣ እህል አከማች፣ ለመንገሥ አትጣደፍ። ወታደሩም ያርስ ነበር።

ወሳኙ ውጊያ በ1363 በፖያንግ ሐይቅ ላይ ሆነ። ተቃዋሚው ቼን ዮውሊያንግ ፎቅ የመሰሉ ትልልቅ መርከቦች ነበሩት፣ ሰልፋቸው እንዳይበተን በሰንሰለት እርስ በርስ አያይዟቸዋል። የዡ ጀልባዎች ትንንሽ ነበሩ። ነፋሱ ወደ ጠላት እስኪዞር ጠብቀው ባሩድና ደረቅ ሸምበቆ የተጫኑ ጀልባዎችን ለቀቁባቸው። የታሰሩት መርከቦች መሸሽ አልቻሉም። ቼን ራሱ ከሳምንታት በኋላ ለማምለጥ ሲሞክር በቀስት ተመቶ ሞተ። በጃንዩወሪ 1368 ዡ በናንጂንግ ነገሠ፣ በዚያው ዓመት ጄኔራሉ ሹ ዳ ቤይጂንግን ያዘ። የዩዋን ንጉሥ በሌሊት ወደ ሰሜን ሸሸ። ሞንጎሎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ እንጂ አልጠፉም።

ሆንግዉ የዘረጋው አስተዳደር እንዴት ይሠራ ነበር?

ይህን ክፍል ረጋ ብሎ ማንበብ ይጠቅማል፣ ውድቀቱም የሚፈለገው እዚህ ነውና።

መንደሩ በ110 አባወራ ተከፈለ። ከእነዚህ ሀብታሞቹ 10 አባወራዎች አለቆች ሆኑ። የቀሩት 100 በአሥር በአሥር ተቧደኑ። በየዓመቱ አንድ አለቃና አንድ ቡድን ተራ ይወጣላቸዋል፦ ግብር ይሰበስባሉ፣ ጉልበት ያወጣሉ፣ ሰው ቢጠፋ ይጠየቃሉ። ዙሩ በአሥር ዓመት ያልቅና መዝገቡ እንደ አዲስ ይጻፋል። የመጀመሪያው የተጻፈው በ1381 ነው። በአራት ቅጂ ይዘጋጃል፤ ወደ ዋና ከተማ የሚላከው ሽፋኑ ቢጫ ስለነበር «ቢጫ መዝገብ» ተባለ። እሳት እንዳይነካው ናንጂንግ አጠገብ ባለው የሹዋንዉ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ይቀመጥ ነበር።

ችግሩ፣ ሀብታሙን አለቃ ማድረግ የሚሠራው ሀብታሙ ሀብታም ሆኖ እስከቀጠለ ድረስ ብቻ መሆኑ ነው። ጎረቤቱ ግብር ሳይከፍል ቢሰደድ ጉድለቱን ከኪሱ የሚሞላው አለቃው ነው። ሁለት መጥፎ ዓመት ከገጠመው ራሱም መሬቱን ለአንድ ባለሥልጣን አስተላልፎ ከመዝገብ ይጠፋል፤ ባለሥልጣናት ከጉልበት ግብር ነፃ ነበሩና። ጸሐፊውም አዲስ ቆጠራ ከማድረግ የድሮውን መገልበጥ ይቀለዋል። ከጥቂት ዙር በኋላ መዝገቡ ላይ ሙታን ግብር ከፋይ ሆኑ።

ጦሩም በዘር የሚወረስ ሆነ። የወታደር ልጅ ወታደር ነው። አንድ ክፍለ ጦር በደንቡ 5,600 ሰው ነበረው፤ በአምስት ሻለቃ (1,120 ሰው) ይከፈላል፣ ሻለቃውም በ112 ሰው መቶዎች። ጠረፍ ላይ ከአሥሩ ሦስቱ ሲጠብቁ ሰባቱ መንግሥት በሰጣቸው መሬት ያርሳሉ፣ ጦሩ ራሱን ይመግባል። በወረቀት ላይ ድንቅ ነው። በተግባር መኮንኖቹ መሬቱን ለራሳቸው አደረጉት፣ ወታደሩን ጭሰኛ አደረጉት፤ እሱም ጠፋ። የጠፋውም ስም ከዝርዝሩ አይፋቅም፣ ቀለቡን አለቃው ይበላዋልና።

ዋና ሚኒስትሩን ለምን አስወገደ?

ማንንም ስለማያምን። በ1380 ሚኒስትሩን ሁ ዌይዮንግን በሤራ ከስሶ ገደለ፣ ሹመቱንም ለዘላለም ሰረዘ። ማንም እንዲመለስ ቢጠይቅ ሞት ይፈረድበት አለ። በዚያ ክስ ሰበብ በቀጣዮቹ ዓመታት ከ30 ሺህ በላይ ሰው አለቀ፤ በ1393 በጄኔራል ላን ዩ ክስ ደግሞ 15 ሺህ ያህል።

ውጤቱ የሥራ ብዛት ነው። በ1384 በስምንት ቀን ውስጥ 1,660 ጽሑፎች ቀረቡለት፣ በውስጣቸው 3,391 ጉዳዮች ነበሩ። በቀን ከ200 በላይ ጽሑፍ መሆኑ ነው። ረሃብ ያሳደገው ብርቱ ሰው ይህን ይችላል። በቤተ መንግሥት ለተወለደ የልጅ ልጅ ግን የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ኋላ ላይ ጸሐፍት የውሳኔ ሐሳብ በወረቀት እየለጠፉ ያቀርባሉ፣ ንጉሡ በቀይ ቀለም ያጸድቃል። ንጉሡ ሲሰለች ቀዩን ብርዕ ጃንደረባው ያነሣዋል።

ዋና ከተማው ለምን ወደ ቤይጂንግ ሄደ?

ሆንግዉ በ1398 ሲሞት ዙፋኑን ለልጅ ልጁ ተወ። አጎትየው ዡ ዲ ከቤይጂንግ ተነሥቶ በ1402 ናንጂንግን ያዘና ዮንግለ ተብሎ ነገሠ። ኃይሉ ሰሜን ነበር፣ ሥጋቱም ሰሜን። የተከለከለው ከተማ ግንባታ በ1406 ታዝዞ በ1420 አለቀ፣ ዝውውሩ በ1421 ታወጀ። ዋና ከተማው ግን እህል አያበቅልም፤ በዓመት አራት ሚሊዮን ዳን ያህል እህል ከደቡብ በታላቁ ቦይ ተጎትቶ ይመጣል። ይህ ቁጥር ከታች ይመለሳል።

ዠንግ ሄ አፍሪካ ደርሷል? ጉዞው መቆሙ ነው ሚንግን የጣለው?

መርከቦቹ ደርሰዋል። ጃንደረባው አድሚራል ዠንግ ሄ ከ1405 እስከ 1433 ሰባት ጉዞ መርቷል፤ የመጀመሪያው ብቻ 27 ሺህ ያህል ሰው ይዞ ነበር። መርከቦቹ ሞቃዲሾን፣ ባራዋንና ማሊንዲን ጎብኝተዋል፣ በ1415 ከማሊንዲ የተላከች ቀጭኔ ቤተ መንግሥት ስትደርስ የመልካም ዘመን ምልክት የሆነው «ቺሊን» ነው ተብላ ተሥላለች። የትልልቆቹ መርከቦች ርዝመት በጽሑፍ ከ120 ሜትር በላይ ተብሏል፤ ከእንጨት የተሠራ መርከብ በዚያ ርዝመት ማዕበል መቻሉን ብዙ የመርከብ ባለሙያዎች ይጠራጠራሉ።

መቆሙ ግን ለውድቀቱ ምክንያት አይደለም። ጉዞው ከሚያስገባው የሚያስወጣው ይበልጥ ነበር። ንግዱም አልሞተም፤ መንግሥት ሲከለክለው በኮንትሮባንድ ቀጠለ፣ በ1567 ፉጂያን ውስጥ ወደብ ሲከፈትለት ሕጋዊ ሆነ።

በ1449 ንጉሡ የተማረከው እንዴት ነው?

የ21 ዓመቱ ዠንግቶንግ፣ አሳዳጊው የነበረውን ጃንደረባ ዋንግ ዠንን ሰምቶ ከሞንጎል ወገን በሆኑት በኦይራቶቹ አለቃ በኤሰን ላይ ራሱ ዘመተ። ዝናብ፣ ስንቅ ማነስ፣ ግራ መጋባት። ውጊያ ሳይገጥሙ ወደ ኋላ ሲመለሱ ቱሙ በምትባል የመልእክተኞች ማረፊያ ሰፈሩ። ውኃ የለም። ከስድስት ሜትር በላይ ቆፈሩ፣ አልወጣም። ወንዙ ወደ ደቡብ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ጠላትም ቀድሞ ይዞታል። ሁለት ቀን ጠምቷቸው ሰፈሩን ነቅለው ወደ ውኃው ሲሮጡ ሰልፉ ፈረሰ፣ ፈረሰኞቹም ገቡባቸው። ንጉሡ መሬት ላይ ተቀምጦ ተማረከ።

ሚንግ ያኔ ያልወደቀው ዩ ቺየን በተባለ ሚኒስትር ነው። ወደ ደቡብ እንሽሽ ያሉትን ገሥጾ የምርኮኛውን ወንድም አነገሠና ቤይጂንግን ተከላከለ። ኤሰን የያዘው ንጉሥ ዋጋ አጣ። ምርኮኛው በ1450 ተመለሰ፣ በ1457 ዙፋኑን መልሶ ሲይዝ ዩ ቺየንን አስገደለው።

የመንግሥቱን ካዝና የበላው ምንድን ነው?

ብዙ ሰው የነገሥታቱን ቅንጦት ይጠራል። ከዚያ ይልቅ የዘመዶቻቸው ድርጎ ይከብዳል።

ሆንግዉ 26 ወንዶች ልጆች ነበሩት። ድህነትን ስለሚያውቅ ዘሩ መቼም እንዳይራብ ደነገገ። የንጉሥ ልጅ በዓመት 10,000 ዳን ያገኛል። በኩሩ ማዕረጉን ይወርሳል፤ ታናናሾቹ 2,000 ዳን ያገኛሉ፣ የእነሱ ታናናሾች 1,000፣ ከዚያ 800፣ 600፣ 400፣ 300 እያለ ይወርድና 200 ዳን ላይ ይቆማል። ከዚያ በታች አይወርድም፣ አያልቅምም። በምላሹ ማረስ፣ መነገድ፣ ተፈትኖ መሾም ክልክል ነው። የቀራቸው ሥራ መውለድ ሆነ። ሻንሺ ውስጥ አንድ መስፍን ከ90 በላይ ልጆች እንደነበሩት ተመዝግቧል።

ስማቸው እንኳ በቤተ መንግሥት የሚጸድቅ ነበር። የእያንዳንዱ ትውልድ ስም በአምስቱ ባሕርያት ተራ ይሄዳል፤ ፊደሉ ውስጥ እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረት ወይም ውኃ የሚል ምልክት መኖር አለበት። ዮንግለ እንጨት ነው፣ ልጁ እሳት፣ የልጅ ልጁ አፈር። አምስቱ ሁለት ጊዜ ሞልተው ሦስተኛው ዙር በእንጨት ሲጀምር የመጨረሻው ንጉሥ ላይ ደረሱ። ልጁ ስም ካልጸደቀለት ድርጎ አይቆረጥለትም። ስለዚህ ለጸሐፊው ጉቦ ያላቀረበ ወላጅ ልጁን ስም አልባ ያሳድጋል።

ሂሳቡን በ1562 ሊን ሩን የተባለ ተቆጣጣሪ ለንጉሡ አቀረበው። ወደ ቤይጂንግ የሚገባው እህል በዓመት አራት ሚሊዮን ዳን፤ ለመሳፍንቱ መከፈል ያለበት 8.53 ሚሊዮን ዳን። ሻንሺ ለራሷ የምታስቀረው 1.52 ሚሊዮን ነው፣ የመሳፍንቷ ድርጎ 3.12 ሚሊዮን። ሄናን 843 ሺህ ታስቀራለች፣ ዕዳዋ 1.92 ሚሊዮን ነው። ክፍለ ሀገሮቹ አንዲት ፍሬ ለወታደርና ለሹም ሳያወጡ ሁሉን ቢሰጡም ግማሹን አይሸፍንም። በተግባር ታላላቆቹ መሳፍንት ሙሉውን ሲወስዱ የሩቅ ዘመዶቹ ጾማቸውን አደሩ። ሕጉን መንካት ግን የአባትን ቃል ማፍረስ ነው። ለፈተና መቀመጥ የተፈቀደላቸው 17ኛው መቶ ዘመን ከገባ በኋላ ነው።

የወረቀት ገንዘብ አልነበራቸውም?

ነበራቸው፣ በ1375 የታተመ፣ ከሾላ ዘመድ ዛፍ ልጥ የተሠራ፣ ከመጽሔት ገጽ የሚተልቅ ኖት። አንዱ ኖት 1,000 የመዳብ ሳንቲም ወይም አንድ ሊያንግ ብር ነው ተባለ። ነገር ግን ወደ ብር አይመነዘርም፣ መጠባበቂያም የለውም፣ መንግሥት ደመወዝ ለመክፈል ባሻው ቁጥር ያትማል። በ1394 በአንዳንድ የደቡብ አካባቢዎች በ160 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ሕዝቡ ወደ ብር ሄደ። ብር ግን ቻይና ውስጥ ጥቂት ነው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን ከጃፓንና ከደቡብ አሜሪካ ማዕድን በማኒላ በኩል እየገባ አገሪቱን አጥለቀለቃት።

ለማስተካከል የሞከረ አልነበረም?

ዣንግ ጁዠንግ። ከ1572 እስከ ሞተበት 1582 ድረስ ሕፃኑን ንጉሥ ዋንሊን ያስተማረና አገሩን በተግባር ያስተዳደረ ሰው ነው። ሦስት ነገር ሠራ።

መጀመሪያ፣ ለሹማምንት የጊዜ ገደብ አበጀ። እያንዳንዱ ትእዛዝ ቀነ ገደቡ ተጽፎበት በሦስት መዝገብ ይሰፍራል፤ አንዱ በሚኒስቴሩ፣ አንዱ በተቆጣጣሪዎች፣ አንዱ በራሱ ቢሮ። ሥራው ሲያልቅ ከሦስቱም ይሰረዛል፣ ያልተሰረዘ ይጠየቅበታል። ሁለተኛ፣ መሬቱን እንደገና አስለካ። ሦስተኛ፣ ግብሩንና የጉልበት ግዴታውን ጠቅልሎ በብር የሚከፈል አንድ ሒሳብ አደረገው፣ በ1581 በመላ አገሪቱ ታወጀ። ግምጃ ቤቱ ሞላ።

የብሩ ጣጣ ግን አለ። ገበሬው የሚያመርተው እህል ነው፣ ግብሩ ብር ነው። መኸር ላይ ሁሉም አንድ ጊዜ ስለሚሸጥ ዋጋ ይወድቃል፣ ነጋዴው ይጠቀማል። ከባሕር ዳር ያለው ገበያ አለው፤ ተራራማዋ ሻንሺና ደረቋ ሻዓንሺ (ሁለት የተለያዩ ክፍለ ሀገሮች ናቸው) ብሩን ከየት ያምጡት?

ዣንግ ሲሞት ዋንሊ ንብረቱን ወረሰ። ቤቱ ታሽጎ ቆይቶ ሲከፈት ከአሥር በላይ ቤተሰቦቹ በረሃብ ሞተው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ሒሳብ አስተካክላለሁ የሚል ደፋር አልተገኘም።

ዋንሊ ለምን ሥራ አቆመ?

ሦስተኛ ልጁን ሊያነግሥ ፈለገ፣ ሹማምንቱ በኩሩን አሉ። ከ15 ዓመት ጭቅጭቅ በኋላ ተሸነፈ፣ ግን አኮረፈ። ለሠላሳ ዓመት ያህል ችሎት መቀመጡን ተወው፤ የሚሞት ሹም ቦታው ሳይተካ ይቀራል። የሚወደውን ልጁን ግን ካሰው። ለሠርጉ 300 ሺህ ሊያንግ፣ ሉዎያንግ ላይ ለተሠራለት ግቢ 280 ሺህ ሊያንግ ወጣ። 40 ሺህ ቺንግ መሬት ጠየቀለትና በሹማምንቱ ጩኸት 20 ሺህ ላይ ቆመ፤ አንድ ቺንግ ስድስት ሄክታር ገደማ ነው። ይህን የሉዎያንግ መስፍን አስታውሱት።

በዚያው ዘመን ኮርያን ከጃፓን ለማዳን የተደረገውን (1592–1598) ጨምሮ ሦስት ዘመቻዎች ከ10 ሚሊዮን ሊያንግ በላይ ጨረሱ።

ታላቁ ግንብ ማንቹዎችን ለምን አላስቆመም?

ዛሬ ጎብኚ የሚያየው ግንብ አብዛኛው የሚንግ ሥራ ነው፣ ድንጋዩም ጡቡም ጥሩ ነው። ግንብ ግን ጥበቃው ደመወዝ ካልተከፈለው አጥር ብቻ ነው። ማንቹዎቹ በ1629 ጠንካራውን የምሥራቅ በር ትተው በደከሙት መተላለፊያዎች ዞረው ገቡና ቤይጂንግ ሥር ደረሱ። በ1644 ደግሞ በሩ ከውስጥ ተከፈተላቸው።

ማንቹዎቹ ራሳቸው ቀድሞ የሚንግ ግብር ከፋዮች ነበሩ። ኑርሃቺ በ1616 የራሱን መንግሥት አወጀ፣ በ1618 በደሎቹን ዘርዝሮ ጦርነት ከፈተ፣ በ1619 ሳርሁ ላይ በአራት አቅጣጫ ተከፋፍሎ የመጣውን የሚንግ ጦር አንድ በአንድ እየተቀበለ መታው። የሚንግ አዛዦች ስሕተት ኃይላቸውን ከፋፍለው እርስ በርስ መድረስ በማይችሉበት ርቀት ማዝመታቸው ነበር።

ጃንደረቦቹ ናቸው ያጠፉት?

የሚንግን ታሪክ የጻፉት ሹማምንት ናቸው፣ ጃንደረባ ደግሞ ባላጋራቸው ነው። ከ1620ዎቹ መካከል ጀምሮ አገሩን ያስጨነቀው ዌይ ዞንግሺያን የምር ጨካኝ ነበር። ነገር ግን እሱ በ1627 ከወደቀ በኋላም ጉድለቱ ቀጠለ። ቀዩን ብርዕ ለጃንደረባ የሰጠው የ1380ው አዋጅ ነው።

ዓመፁ ከምን ተነሣ?

ከሰሜን ምዕራብ፣ ከሻዓንሺ። በ1618 ለማንቹዎች ጦርነት ተጨማሪ ግብር ተጣለ፤ በ1620 በአንድ ሙ መሬት ዘጠኝ ሺሕኛ ሊያንግ ደረሰ። አንድ ሙ 600 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ ግብሩም ከግራም ሲሶ የማይበልጥ ብር። ሲያዩት ኢምንት ነው። የተበላሸው አጣጣሉ ነው፦ በዓመት ሁለቴ ሩዝ የሚሰጠው የደቡብ ሙና በሦስት ዓመት አንዴ ዝናብ የሚያገኘው የሻዓንሺ ሙ እኩል ይከፍላሉ። የባለሥልጣን መሬት ይደበቃል፣ የጎደለው በቀሪው ላይ ይደፋል፣ የሸሸው ድርሻም ላልሸሸው ይቆጠራል። በ1637ና በ1639 ሁለት ሌሎች ተጨማሪ ግብሮች ተጣሉ፤ ዓመፀኛን ለመውጋት ይሰበሰባሉ፣ ሲሰበሰቡ ዓመፀኛ ያፈራሉ።

ድርቁ በ1627ና 1628 ያዘ። በ1629 መንግሥት ወጪ ለመቀነስ የመልእክተኞች ጣቢያዎችን ቆረጠ። ከሥራ ከተባረሩት መካከል ሊ ዚቼንግ የሚባል የሚዥ ወጣት ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ ቤይጂንግ የገባው እሱ ነው።

ሊ በ1641 ሉዎያንግን ሲይዝ ያንን የዋንሊ ተወዳጅ መስፍን አገኘው። ከተማው ሲከበብ ወታደሮቹ ባዶ ሆድ ነበሩ፤ መስፍኑ ግን ጎተራውን አልከፈተም። ገደሉት፣ ጎተራውን ለሕዝብ አከፋፈሉት።

የመጨረሻው ንጉሥ ቾንግዠን ምን አጠፋ?

ታታሪ ነበር፣ ቆጣቢ ነበር፣ ሰው ግን አያቆይም። በ17 ዓመት 50 ታላላቅ ሚኒስትሮችን ቀያየረ። ማንቹዎቹን የመከተውን ዩዋን ቾንግኋንን በ1630 አስገደለ።

ለእኛ ከሁሉ የሚገርመው የ1642 ነገር ነው። በሁለት ጦር መካከል የተያዘ መንግሥት ከአንዱ መታረቅ አለበት። ቾንግዠን ከማንቹዎች ጋር በምስጢር እንዲደራደር የጦር ሚኒስትሩን ቼን ሺንጂያን አዘዘ። የተደራዳሪው ምስጢራዊ ሪፖርት ሲመጣ ሚኒስትሩ አንብቦ ጠረጴዛ ላይ ተወው። አሽከሩ ተራ የጦር ሜዳ ዜና መስሎት ለመገልበጥ ሰጠው፤ ዋና ከተማው ሁሉ አነበበው። ሹማምንቱ «ከአረመኔ ጋር ዕርቅ!» ብለው ጮኹ። ንጉሡ «እኔ ነኝ ያዘዝኩት» የማለት ወኔ አጣና ሚኒስትሩን አሰየፈው። ከዚያ ወዲያ ዕርቅ የሚያነሣ አልተገኘም።

በ1643 ቤይጂንግን ወረርሽኝ መታት። በ1644 ሊ ሲቃረብ ጥበቃው ወራት ያልተከፈለው ነበር። ንጉሡ ሹማምንቱን መዋጮ ለመነ፤ አማቱ ዦው ኩይ ተግደርድሮ 10 ሺህ ሊያንግ ሰጠ። የሊ ሰዎች ከተማውን ሲይዙ ከዚሁ ሰው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሊያንግ በግርፊያ አስወጡ። ኤፕሪል 25 ንጋት ላይ ንጉሡ ሹማምንቱን ለመጥራት ደወል ደወለ፣ ማንም አልመጣም። ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ካለው ኮረብታ ወጥቶ ዛፍ ላይ ተሰቀለ። 33 ዓመቱ ነበር።

ዉ ሳንጉይ በሴት ምክንያት በሩን ከፈተ የሚባለውስ?

ቼን ዩዋንዩዋን የምትባል ወዳጁን የሊ ሰዎች ስለወሰዱበት ነው ይባላል። ለቅኔ ይመቻል። የሚታወቀው፣ የሚንጉ ጄኔራል የግንቡ ምሥራቅ በር በሆነው ሻንሃይግዋን ላይ በሊና በማንቹዎች መካከል መቆሙ፣ ቤይጂንግ ያለ አባቱ በሊ እጅ መግባቱና ሊ የሹማምንትን ሀብት በግርፊያ እየነጠቀ መሆኑ ነው። ለማንቹዎቹ መሪ ለዶርጎን ጻፈለት። ሜይ 27 አብረው ሊን ድል ነሡት። ሊ ቤይጂንግ ውስጥ የቆየው 42 ቀን ነው፤ ማንቹዎቹ በጁን መጀመሪያ ገቡ፣ «የንጉሣችሁን ደም ልንበቀል መጣን» እያሉ።

ታዲያ ሚንግ ያበቃው በ1644 ነው?

ቤይጂንግ ላይ አዎ። ደቡብ ላይ የዡ ቤት መሳፍንት አንዱ ሲወድቅ ሌላው እየነገሠ ቀጠሉ። የመጨረሻው፣ ዮንግሊ፣ እስከ በርማ ተሰደደ፤ ዉ ሳንጉይ ተከታትሎ ተረከበውና በ1662 ኩንሚንግ ላይ አንቆ አስገደለው። በዚያው ዓመት ለሚንግ የቆመው ዠንግ ቼንግጎንግ ታይዋንን ከሆላንዶች ነጠቀ። የእሱ ቤተሰብ ደሴቱን እስከ 1683 ገዛ። ንጉሥ ስላልነበራቸውም ደብዳቤያቸው ላይ ዘመኑን «ዮንግሊ በነገሠ 37ኛው ዓመት» እያሉ ይጽፉ ነበር፤ ሰውየው ከሞተ 21 ዓመት አልፎት።